ትንሽ ዕቃ

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። ደህና አደርሽ የለ፣ ትምህርት እንዴት ነው የለ። «በርበሬውን እስካሁን አላደረስሽለትም አሉ!» አለችኝ።

ፈረንሳይ አገር ሊዮን ከገባሁ ስድስተኛ ሳምንቴ ነው። የመጣሁት አንድ ሴሚስተር ልማር ነው። ሰፈሬ ግን በርበሬ ላደርስ የሄድኩ ነው የሚመስለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዛዬ የወጣ ቀን ለሦስት ሰው ብቻ ነገርኩ። በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን እትዬ ፌስታል አንጠልጥለው መጡ። «ትንሽ ዕቃ ናት። ለልጄ ታደርሽልኛለሽ፣ አደራ።»

እኛ ሰፈር ትንሽ ዕቃ የሚባለው ከ2 ኪሎ ጀምሮ ነው። ፌስታሉ ሲፈታ ሌላ ፌስታል። እሱ ሲፈታ ጋዜጣ። ከጋዜጣው ሥር በነጭ አቡጀዲ የተሰፋ ከረጢት፣ በላዩ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ስልክ ቁጥር። ስፌቱ ጥርስ ይመስላል፣ እኩል እኩል። የእኔን ሻንጣ እንዲህ ተጨንቆ ያሰናዳው ሰው የለም።

«ልጅዎ የት ነው ያለው፣ እትዬ?»

«ፈረንሳይ ነዋ!»

«ፈረንሳይ የት?»

«ማርሴይ ነው መሰለኝ የሚሉት። እዚያው ነው፣ ትጠይቂያለሽ።»

ሊዮንና ማርሴይ መሃል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ጅማ ልትገቡ ትንሽ ሲቀራችሁ ማለት ነው። ፈጣኑ ባቡር እንኳ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ቲኬቱ ደግሞ በበርበሬ አይከፈልም። እትዬ ግን ፈረንሳይን እንደ ሾላ ገበያ ነው የሚያዩዋት፤ ገባ ብሎ መጠየቅ ነው።

«ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።» ይህን ተረት ነፍሴ ነው የሚወደው። አያቴ ስለ ስደት በተወራ ቁጥር ትለው ነበር፣ ዓይኗን ጨፍና። ግን አንድ ስህተት አለበት። እኔን የጫኑኝ ገና ቦሌ ሳልደርስ ነው። የተፈቀደልኝ ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ከ46ቱ ኪሎ ልብሴና መጽሐፌ 14ቱን ያዙ። የቀረው ሽሮ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቡና፣ የእትዬም አቡጀዲ ነው። ለመመዘን ሉካንዳ ቤት ሄድን። ሥጋ ቆራጩ ሻንጣዬን እንደ ሰንጋ እግር ሰቅሎ ቁጥሩን ሲያነብ ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «አጥንቱ ይቀነስላት!» ያለም ነበር።

እናቴ ቋንጣና ንጥር ቅቤ ልትጨምር ስትል በግድ አስቆምኳት። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። «ቅቤ ምን አደረጋቸው?» አለች። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ታዲያ ለምን ለእትዬ እምቢ አላልሽም ትሉኝ ይሆናል። ቂም አለብኛ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አክስቴ ከሮም ጫማ ላከችልኝ። ቀይ ነው፣ ሲረገጥ ተረከዙ ላይ መብራት ብልጭ ይላል። የላከችው በአንድ የሰፈራችን ሰው እጅ ነው። ሰውዬው መጣ፣ ጫማው አልመጣም። «አንዱ ሻንጣ ጠፋብኝ» አለ፣ እናቴም አጽናናችው፣ ቡና አፍልታ! ጥምቀት ደረሰና ጃን ሜዳ ስንወርድ የሰውዬው ልጅ ከፊቴ ይሄዳል። ተረከዙ ብልጭ። ብልጭ። ሰው ሁሉ ታቦት ሲከተል እኔ ያን ተረከዝ ስከተል ዋልኩ። አደራ በላ ሲባል እስከ ዛሬ የሚታየኝ እሱ ነው። እና እኔ እንደሱ ልሁን? ሞቼ ነው።

የጉዞዬን ዝግጅት ልንገራችሁ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ለቪዛ በወር ቢያንስ 615 ዩሮ እንዳለሽ አሳዪ ይላሉ። ለ5 ወር 3075 ዩሮ መሆኑ ነው። ዘመድ ተሰበሰበ፣ ተዋጣ፣ የባንኩ ወረቀት ወጣ። ይህን እንለፈው፤ ብድሩ ገና አላለቀም።

ፎርሙ ደግሞ «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ያለን አባት ነው። የአባቴን ስም ሞላሁ። ይኸው አሁን የሚመጣልኝ ደብዳቤ ሁሉ «ማዳም» ብሎ በአባቴ ስም ይጀምራል። 30 ዓመት ከባድ መኪና የነዳ፣ ጺሙ ደረቱ ላይ የሚደርስ ሰው። ፎቶ አንስቼ ላኩለት። «ማዳሟን ተዪያትና፣ ስሜ በትክክል ተጽፏል?» አለኝ።

ቋንቋውን በተመለከተ አንደኛ ነኝ ብዬ ነበር የመጣሁት። የአዲስ አበባ ልጅ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ይመስለዋል፣ ለገሃር አለና። ሐዲዱን የዘረጉት እነሱ ናቸው። ባቡሩ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገባ። ጣቢያውን «ላ ጋር» አሉት፣ እኛ ለገሃር አልነው። በደረስኩ ማግስት መንገድ ጠፋኝና አንዱን ሰውዬ አስቁሜ «ለገሃር?» አልኩት፣ እንደ ታክሲ ረዳት። «ቦንዡር» አለኝ። መልስ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኩ። መልስ አይደለም፣ ቁጣ ነው። እዚህ አገር ቦንዡር ሳይሉ እሳት እንኳ ቢነሳ እርዳታ የሚገኝ አይመስለኝም። «ቦንዡር፣ ለገሃር?» ብዬ እንደገና ጀመርኩ። አሁን ፊቱ በራ። «የትኛው? ፓርዲዩ ወይስ ፔራሽ?» አለኝ። ለካ ሊዮን ለገሃሩ አንድ አይደለም።

ከሁሉም ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ቁልፉ ነው። ክፍል ተከራይቻለሁ፣ ውል ፈርሜያለሁ። ቁልፍ ስጡኝ ስል የቤት ኢንሹራንስ አምጪ አሉ። ኢንሹራንሱ የዚህ አገር የባንክ ሂሳብ ቁጥር ይላል። ባንኩ የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ ይላል። አድራሻው ያለው የማልገባበት በር ላይ ነው። ሦስቱም ቦንዡር ይላሉ፣ ሦስቱም ነገ ነይ ይላሉ። በዚያ ላይ ዋስ። ፈረንሳይ ውስጥ የሚኖር፣ ደሞዙ የታወቀ ዋስ። ከትናንት ወዲያ የደረስኩ ሰው ከየት አባቴ አመጣለሁ? በነጻ ዋስ የሚሆን ቪዛል የሚባል ነገር መኖሩን የነገረኝ ቢሮው አይደለም፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የምታለቅስ ሌላ ተማሪ ናት። እሷም ነግራኝ ማልቀሷን ቀጠለች።

በመጨረሻ ክፍሉ ተከፈተ። የሚያስረክበኝ ሰው የግድግዳውን ጭረት፣ የሚስማሩን ቀዳዳ፣ የምንጣፉን ነጠብጣብ አንድ በአንድ ጽፎ አስፈረመኝ። ቆሜ ሳየው እትዬ ትዝ አሉኝ። ስንት ወር ያደረቁትን፣ የቀነጠሱትን፣ ያስፈጩትን በርበሬ ያለ ዋስ፣ ያለ ፊርማ፣ አደራ ብቻ ብለው ሰጥተውኝ ሄዱ። ልክ ልኩን ልነግረው ፈልጌ ነበር፣ ፈረንሳይኛዬ አልደረሰም።

በርበሬው እንግዲህ አልጋዬ ሥር ነው። ልጃቸው ስልክ አያነሳም ነበር። የራሴ በሦስተኛው ሳምንት አለቀ፣ ኮሪደሩ በሙሉ ሽሮ ለምዶብኝ። ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ያለኝ ሽንኩርትና ምስር። የአቡጀዲውን ስፌት በምላጭ ፈታሁ። ጫፉን ብቻ። አንድ ማንኪያ አልኩ፣ ከዚያ ሌላ ማንኪያ። ወጡ ደርሶ ስጎርስ ሳላስበው ጎንበስ ብዬ ተረከዜን አየሁ።

ይህን እየጻፍኩ ልጃቸው መልእክት ላከ። «ሰላም እህቴ፣ ቅዳሜ ለሥራ ሊዮን እመጣለሁ። እማዬ የላከችው ስንት ኪሎ ነበር?»

ገና አልመለስኩለትም። ቦንዡር እያልኩ መርፌና ነጭ ክር የሚሸጥበትን እየጠየቅኩ ነው።