ስትርኤንኮፒን «አስተማማኝ» የምትሉ፣ እባካችሁ ተዉን

ስትርኤንኮፒ (strncpy) በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ጽሑፍን እስከተሰጠው የባይት ቁጥር ድረስ የሚገለብጥ ትእዛዝ ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን ከእህል ሚዛን ጋር የሚሠራ፣ እሱን የሚጠቀም የደረሰኝ ማተሚያ ኮድ ተረክቤ አንጀቴ አርሯል። የከተማ ስም የሚይዘው ባፈር (ጽሑፉ የሚቀመጥበት የሜሞሪ ቦታ) 16 ባይት ብቻ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ-8 (UTF-8) ሥርዓት 3 ባይት ይበላል! «አንኮበር» 15 ባይት ነው፤ ጽሑፉ እዚህ አበቃ የምትለው መዝጊያዋ ዜሮ 16ኛው ላይ ታርፋለች፣ ደህና። «ደብረ ሲና» ግን ከነክፍተቱ ልክ 16። ስትርኤንኮፒ ፊደሉን ይሞላና ዜሮዋን ሳያስቀምጥ ዝም ብሎ ያልፋል። ማተሚያው የት እንደሚቆም ስለማያውቅ ከጎን ያለውን ሜሞሪ ሁሉ ይዘባርቃል። ገበሬው ደረሰኙን ዘርግቶ «ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ሲል ምን ልበለው? የራሳችን ከተማማ «ደብረ ብር» ላይ ተቆርጣ ነው የምትቀረው፣ ያውም ያለ ዜሮ።

የባፈሩን መጠን ሳይጠይቅ ጽሑፍ የሚያነበውን ጌትስን (gets) እንኳ በ2011 ከሲ ስታንዳርድ አስወጥተውታል። ስትርኤንኮፒን ግን ዛሬም «ቁጥር ስለሚቀበል አደጋ የለውም» እያሉ ለጀማሪ ያስተምሩታል። ኤስኤንፕሪንትኤፍ (snprintf) የሚባል ሌላ ትእዛዝ አለ እኮ! ዜሮዋን ራሱ ያስቀምጣል። የሚመልሰው ቁጥር (የሙሉው ስም ርዝመት በባይት) የባፈሩን መጠን ካከለ ወይም ከበለጠ ስሙ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ያኔ ባፈሩን ማስፋት ነው፣ አለዚያ የ«ደብረ ሲና» «ና» ግማሿ ተገምሳ ትቀራለች። ያቺን አንዲት ቁጥር በአንድ ኢፍ (if) ማየት ምን ይከብዳል?