ይድረስ ለክቡር አቶ ባለ መስመር ጨርቅ

ጉዳዩ፦ ቀጥ እንዲሉ ስለማሳሰብ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ጠማማነት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልዎት ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የከተማው ዳር ላይ ስለሆንን መርካቶ ደርሶ መመለስ ቀኑን ይበላዋል። አንዴ ተገዝተው እዚህ ከደረሱ በኋላ ማንም መልሶ እንደማይወስድዎት ያውቃሉ። ድፍረትዎም ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም።

ሥራዬ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠምኩ የአልጋ ልብስ መስፋት ነው። ጎረቤቶቼ ድሪቶ ይሉታል። ይበሉ። ክረምት ሲገባ ለእንግዳ የሚዋሱት እሱኑ ነው።

ሱቁ ውስጥ ተጠቅልለው ሲቆሙ ምን ያለ ጨዋ ይመስሉ ነበር! ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ። ሻጩ ለካዎት፣ ዳርዎን በመቀስ ነካ አደረገና ጭርር አድርጎ ቀደደዎት። ጨርቅ በወርዱ ሲቀደድ ማጉን፣ ማለትም ከዳር እስከ ዳር በአግድም የተሸመነውን ክር፣ ተከትሎ ነው የሚሄደው። ይሉኝታ የለውም። ቅዱ ከሰማያዊው መስመር ተነስቶ ወዲያኛው ዳር ሲደርስ ነጩ ላይ አረፈ።

«ይሄ ተንጋዷል እኮ!» አልኩት።

«እናቴ፣ ሲታጠብ ይስተካከላል።»

«ባይስተካከልስ?»

«ሲተኮስ ይስተካከላል።»

«እሺ፣ ያኔም እምቢ ቢል?»

«ሲሰፋ ማን ያየዋል!» አለና ብሩን ቆጥሮ ኪሱ ከተተው።

ማን እንደሚያየው ልንገርዎት። ወርድዎ 150 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዳር እስከ ዳር 4 ሳንቲ ሜትር ተንሸራተዋል። «4 ሳንቲ ሜትር ምን አላት?» ይሉኝ ይሆናል። እኔ ግን በ10 በ10 ነው የምቆርጥዎት። በእያንዳንዷ ቁራጭ ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር ተኩል በላይ ይወጣሉ። ቁራጮቹን ጎን ለጎን ስሰፋቸው አንዱ መስመር ያበቃበትና ሌላው የሚጀምርበት አይገናኙም። በየስፌቱ ላይ ደረጃ ይሠራሉ። ክቡር ሆይ፣ ኮንዶሚኒየም የምኖር ሰው ደረጃ ያነሰኝ ይመስልዎታል? ውሃ በጠፋ ቁጥር ጄሪካን ተሸክሜ የምወጣው በቂዬ ነው።

ደግሞ በየትኛው በኩል እንደምይዝዎት ግራ ገብቶኛል። መስመርዎን ተከትዬ ስቆርጥ ዓይን ይደሰታል፤ ክሩ ግን በሰያፍ ይቆረጣል። በሰያፍ የተቆረጠ ጠርዝ ይለጠጣል። ካሬ አድርጌ የቆረጥኩት ከስፌት መኪናው ሥር ሲወጣ ካሬነቱን ክዷል። ማጉን ተከትዬ ስቆርጥ ደግሞ ጨርቁ አደብ ገዝቶ ይተኛል፤ መስመሩ ግን ከጠጅ ቤት ወጥቶ ቤቱን የሚፈልግ ሰው ይመስላል።

እውነቱን ለመናገር፣ አበባ ቢሆኑ ኖሮ ማን ያውቅብዎ ነበር? ስንቱ ባለ አበባ ጨርቅ ከእርስዎ ብሶ ተንጋዶ ታትሞ ተከብሮ ይኖራል። መስመር ሆነው ተወልደው መጥመምዎ ነው ያስጠቆመዎት።

ዘመድዎንም አውቃቸዋለሁ። ሁለቱ ዳራቸው ላይ ልክ ሆነው መሃላቸው የሚጎብጠውን ማለቴ ነው። እሳቸውን አጥፎ ደራርቦ መቁረጥ አይሞከርም። የላይኛው ሲስተካከል የታችኛው በሌላ አቅጣጫ ሄዷል። አንድ በአንድ ዘርግቶ በጠመኔ እያሰመሩ መቁረጥ ነው እንጂ ሌላ መላ የላቸውም። መብራት በጠፋበት ምሽት ይህን በሻማ ይሞክሩትና ያዩታል።

አስታራቂ አልጠራሁም እንዳይሉኝ፣ ጎረቤቴን ጠርቼ ነበር። አርጥበን እሷ አንዱን ማዕዘን፣ እኔ ሌላውን ይዘን በሰያፍ ጎተትንዎት። ማጉ ተስተካከለ። መስመሩ ግን ይባስ ተንጋደደ! ነገሩ ግልጽ ነው። ማተሚያው ውስጥ ሲገቡ ማግዎ ተጣሞ ነበር፤ ሲሊንደሩ ደግሞ ያገኘውን ሳያጣራ ከላይ ቀባዎት። ጠማማ ላይ የተቀባ ቀጥ ያለ መስመር፣ ጠማማው ሲቃና እሱ በተራው ይጣመማል። ጎረቤቴ «ወይ የሰው ነገር!» ብላ ሄደች። ስለ እርስዎ ይሁን ስለ ቀበሌው አልጠየቅኳትም።

እስኪ አንድ ቀን ሽሮ ሜዳ ጎራ ይበሉ። ሸማኔው ጥበቡን ሲሠራ ባለ ቀለሙን ክር ማግ አድርጎ ነው የሚያስገባው። መስመሩ ራሱ ክሩ ነው። ልጣመም ቢል እንኳ ከክሩ ተለይቶ የትም አይሄድም። እርስዎ ግን ከኋላዎ ሲገለጡ ፈዘዋል፤ ከፊት ብቻ ነው የተቀቡት። እኔም በአደባባይ አላነሳውም ነበር፣ እርስዎ ካላስቆጡኝ።

አሁን ወደ ውሳኔው። ቀይ ጨርቅ ጎን አስቀምጬ፣ አንድ አንድ መስመርዎን ብቻ በቀጭኑ እየቆረጥኩ ላሠራዎት አስቤ ነበር። ስታርች ነክሬ፣ ተኩሼ፣ እንዳይለጠጡ አድርጌ። ጠባብ ቦታ ላይ ጥፋትዎ ብዙ አይታይም። ግን ይህ ሁሉ ልፋት ለማን ሲባል?

በአገራችን ቀጥ ያላለ ኃላፊ አይባረርም፤ ይዛወራል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ገበር ክፍል ተዛውረዋል። ሳይቆራረጡ፣ ከነሙሉ ወርድዎ፣ ፊትዎን ወደ ፍራሹ አዙረው ያገለግላሉ። ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም እንደነበረ ይቀጥላል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመቀስ፣ ለመረጃ ያህል
ለካውያ፣ መብራት ሲመጣ ተፈጻሚ እንዲያደርጉ