ሁሌም ጥፋቱ የነጋዴው!

ኧረ በፈጠራችሁ! ዋጋ በጨመረ ቁጥር «ነጋዴው ጨካኝ ሆነ» የሚል ሰው አንገሽግሾኛል። ሱቅ ቆሞ የሚውል ያውቀዋል። ስንት አምጥተኸው ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ስድቡ ግን አይቀርም።

የሮምን ታሪክ ሳነብ ጭራሽ ባሰብኝ። ካራካላ የሚባለው ንጉሠ ነገሥት በ215 እ.ኤ.አ. አዲስ የብር ሳንቲም አወጣ። ሁለት ዲናር ነው ተባለ (ዲናር የቀድሞው የብር ሳንቲማቸው ነው)። ውስጡ ያለው ብር ግን የአንድ ዲናር ተኩል ያህል ነው! ቀሪው የት ገባ? ሠራዊቱ ደመወዝ ይፈልጋላ። ተከታዮቹም እየቀነሱ፣ እየቀነሱ ሄደው በ270 ገደማ ብሩ ከመቶ ሁለት ሦስት እጅ ብቻ ቀረ። ላዩን ብር ያስመስሉታል፣ እጅ ሲበዛበት መዳቡ ብቅ ይላል። በል እንግዲህ፣ ይህን ተቀብለህ ገብስህን ሽጥ!

ኤፍራጥስ ዳር፣ የፋርስ ድንበር አጠገብ፣ ዱራ ኤውሮፖስ የምትባል የሮም ከተማ ነበረች። ፍርስራሿ ዛሬ ሶርያ ውስጥ ነው። እዚያ ነቡኬሎስ የሚባል ነጋዴ ሂሳቡን የቤቱ ግድግዳ ላይ ይጭር ነበር። ገብስ፣ ልብስ፣ ያበደረው ገንዘብ። እዚያው ቤት ግድግዳ ላይ፣ በ239 ፋርሶች እንደወረዱባቸው ተጽፏል። በቃ፣ ይህችው ናት ዜናው። ጠላት ደጅ ላይ፣ ብሩ የሚሳሳ ሳንቲም መዳፍ ላይ፣ ሰውዬው ግን ንግዱ ላይ ነው። ከተማዋ በ256 ገደማ ወደቀች።

ያኔ በሮም ሥር በነበረችው ግብፅ ደግሞ፣ ኦክሲሪንኩስ በምትባል ከተማ፣ በ260 ገንዘብ መንዛሪዎቹ የነገሥታቱን ሳንቲም አንቀበልም ብለው ዘጉ። ሹሙ ምን አለ? ክፈቱና ተቀበሉ፣ አለዚያ ትቀጣላችሁ!

ከሁሉም የሚያናድደኝ ዲዮቅልጥያኖስ ነው። አዎ፣ ያ ሰማዕታቱን የፈጀው። በ301 ከሺህ በላይ ለሆኑ ዕቃዎችና አገልግሎቶች የዋጋ ጣሪያ አወጣ። አልፎ የሸጠ ይሙት! በአዋጁ መግቢያ ላይ ወታደሩ ደመወዙንም ጉርሻውንም በአንድ ግዢ ይጨርሳል ብሎ ያለቅሳል። ጥፋተኛው ማነው? የነጋዴው ስግብግብነት። ከሳንቲሙ ብሩን ማን ቀነሰው? ዝም! በዚያው ዓመት ደግሞ የገዛ ሳንቲሞቹን ዋጋ በአዋጅ እጥፍ አደረገ።

ላክታንትዮስ የተባለው የዘመኑ ጸሐፊ እንደሚለው፣ ለማይረባ ነገር ደም ፈሰሰ፣ ሰው ፈርቶ ዕቃውን ደበቀ፣ ኑሮውም ይበልጥ ተወደደ። ስንቱ ከሞተ በኋላ ነው ሕጉ የቀረው።