መጽሐፉን አታራግፉት

ደሴ ላይ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጥ አንድ ወጣት፣ የቆየ የሒሳብ መማሪያ መጽሐፍ በሁለት ክዳኑ ይዞ ገልብጦ አራገፈው። የወደቀችውን ብጫቂ ወረቀት በእግሩ ገፋ ሲያደርጋት ጎንበስ ብዬ አነሣኋት። «ጋሼ፣ ተዋት፤ ቆሻሻ ናት» አለኝ። በእርሳስ የተጻፈባት «ሰኞ ባቲ። ፍየል ሁለት። ጨው። ለእናቴ ነጠላ። መሳፈሪያ ሦስት ብር» የሚል ነው። ከጀርባዋ ድምሩ ሁለት ጊዜ ተሠርቶ ሁለት የተለያየ ውጤት ሰጥቷል፤ በሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ መገኘቷ ምናልባት ለዚሁ ይሆናል።

የባቲ ገበያ ዛሬም የሚውለው ሰኞ ነው። ሆኖም አንድ ሰው በሦስት ብር ተሳፍሮ ምን ሊሸምት ወደዚያ ይወርድ እንደነበር የሚነግረን ሌላ ጽሑፍ መገኘቱን እጠራጠራለሁ።

ሻጮቹ የሚያራግፉት ገዢ ንጹሕ መጽሐፍ ስለሚፈልግ ነው፤ ገንዘብ ይገኝ ይሆናል የሚል ተስፋም አለበት። ከሚገኘው ሁሉ የማይረባው ግን ገንዘቡ ሳይሆን አይቀርም፤ መስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ከተለወጠ ወዲህ አሮጌውን መቶ ብር የሚቀበል ባንክ የለም።

መጽሐፍን የሰነድ ማኖሪያ ማድረግ በወሎ የትናንት ልማድ አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል፣ ከቅዱሱ ቃል ሌላ ገዳሙን የሚመለከቱ ማስታወሻዎችን ስለያዘ ለታሪክ ተመራማሪዎች ምንጭ ሆኗል። አባቶች ርስትና ስጦታን በወንጌል ባዶ ገጽ ላይ ያሰፍሩ የነበረው መጽሐፉ የሚከበርና የማይጣል በመሆኑ ነው፤ ቁም ሣጥን የሌለው ቤትም ጉርድ ፎቶግራፉን፣ ደረሰኙንና ደብዳቤውን በመጽሐፍ መካከል የሚሸጉጠው በዚሁ እምነት ይመስለኛል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ልጁን አዝሎ የወጣ ሰው የፎቶ አልበም ለመያዝ ፋታ አልነበረውም። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ከዓመታት በፊት ያዋሰው መጽሐፍ ውስጥ፣ የቀረችው አንዲት ፎቶግራፍ ተሸጉጣ ልትገኝ ትችላለች።

ስለዚህ ሻጮች የተገኘውን ነገር በገጹ ላይ እንዲተዉት፣ ማውጣት ግድ ከሆነም የመጽሐፉን ርእስና የገጹን ቁጥር በእርሳስ ከጀርባው እንዲጽፉ እጠይቃለሁ። ባለቤቱን ለማግኘት ብለው የግል ደብዳቤን ከነስሙ በፌስቡክ ላይ በሚለጥፉት ሰዎች ግን አልስማማም፤ ሻጩ መጽሐፉን ከማን እንደገዛ ብዙውን ጊዜ ስለሚያውቅ፣ ፍለጋው ከእሱ ቢጀመር የሰው ገመና አደባባይ አይወጣም።

በቅርቡ ስመለስ ያ ወጣት ከመደርደሪያው ሥር የብስኩት ካርቶን ስቦ አሳየኝ። ሦስት ጉርድ ፎቶግራፎች፣ የዕድር ደረሰኝና በአራት የታጠፈ ደብዳቤ አጠራቅሟል። ከየትኛው መጽሐፍ እንደወጡ ስጠይቀው ግን ማስታወስ አልቻለም።