ሰላምታ በኪሎ ሜትር

ጎጃም ውስጥ ሰላምታ ችኮላ አይወድም። «ደህና ሰነበትህ?» ከተባለ በኋላ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ሚስት ትጠየቃለች፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ ዝናቡ ይጠየቃል፤ ባለፈው ወገቧን አሟት የነበረችው አክስትም አትዘለልም። ለእያንዳንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል። ተጠያቂው ጨርሶ «አንተስ?» ያለ እንደሆነ ደግሞ ሁሉም ከልጆቹ ጀምሮ እንደ አዲስ ይነሳል። ማሳ ዳር ቆመው፣ ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው፣ ሁለት እጃቸውን ዱላው ላይ ሰቅለው እንዲህ ሲጠያየቁ የሞተ ሰው የለም። ጣጣው የመጣው ሰላምታው መሪ መጨበጥ ከጀመረ ወዲህ ነው።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር ይጨርሳል። እንግዲህ ለሹፌር የሚደወል ሰላምታ በደቂቃ መለካቱ ቀርቶ በኪሎ ሜትር ቢለካ ምን ይለዋል? ከ«እንዴት ነህ» እስከ «ከብቱስ» ሁለት ኪሎ ሜትር። የአማት ጤና አንድ ኪሎ ሜትር፤ አማት ከታመሙ ሦስት። የሰርግ ጥሪ፣ «በአካል መጥቼ ልነግርህ ሲገባኝ» ከሚለው ይቅርታ ጋር፣ አምስት። የድንበር ክርክር ያጣላቸውን ወንድማማቾች በስልክ ማስታረቅ ግን ከማርቆስ ተጀምሮ ደምበጫም ላይ አያልቅም፤ ቡሬ ደርሶ በይግባኝ ይቀጥላል።

ከማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ ሚኒባስ ገቢና የተቀመጠ ሰው ይህን ከቅርብ ያየዋል። መስታወቱ ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተለጥፏል። ከሥሯ የስልክ ማስቀመጫ አለ፤ የተገጠመውም ሹፌሩ መንገዱን ሊያይበት የሚገባው ቦታ ላይ ነው። ስልኩ ይጮኻል። ሹፌሩ መጀመሪያ የሚያደርገው ቴፑን ዝቅ ማድረግ ነው፤ እንዳይረብሸው። ጋሪ፣ አህያና ተማሪ በሞላበት ከተማ መሃል ሲያልፍ ለመንገዱ ብሎ ቴፕ ዝቅ አድርጎ አያውቅም። ለስልኩ ሲሆን ግን ሥርዓት ያውቃል።

«ሃሎ! እንዴት ነህ ወንድምዓለም! … ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን! … ልጆቹስ? … እኔማ ይኸው እየነዳሁ ነው።»

«እየነዳሁ ነው» የተባለ ሰው «በል ስትቆም እንገናኝ» ብሎ ይዘጋል ብላችሁ ከጠበቃችሁ የኛን ሰው አታውቁትም። «ወዴት?» ይላል ደዋዩ። «ስንት ሰው ጫንህ?» ይላል። ቀጥሎ፣ በተለይ በዚህ ዘመን፣ «መንገዱ እንዴት ነው?» ይላል።

«ሰላም ነው! አማን ነው!» ይላል ሹፌራችን፤ ከአማኑኤል መውጫ ጀምሮ መንገዱን ዞር ብሎ ያላየው ሰውዬ።

ወሬው ወደ በሬ ይሄዳል። ደዋዩ በሬ ሊገዛ ነው፤ ሹፌሩ ደግሞ ሰሞኑን ያየው በሬ አለ። ቀኝ እጁ ስልኩን ጆሮው ላይ ደግፏል። «ምን ዓይነት በሬ መሰለህ! ቀንዱ ብቻውን ይኸን ያህላል!» አለና የቀንዱን ስፋት ሊያሳየው ግራ እጁን ከመሪው አነሳት። መሪው ለጉልበቱ ተሰጠ። ደዋዩ የትም ይሁን የት ቀንዱን እንዳላየው የታወቀ ነው። ያየነው እኛ ነን። እውነትም ትልቅ ቀንድ ነው።

ተሳፋሪውስ ምን ይላል? ምንም። ይህ ሕዝብ ታሪፍ ላይ አሥር ብር የተጨመረ እንደሆነ ረዳቱን አንገቱን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ካልደረስን የሚል ሕዝብ ነው። ለአሥር ብር ሚኒባስ ያስቆማል። ለነፍሱ ግን ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ ዝም ይላል። አንድ ቀን አንድ ልጅ እግር ደፈር ብሎ «ሹፌር፣ ስልኩን ብትተወው ምናለ?» ቢል የኋላ ወንበር በሙሉ ተነሳበት።

«ምን ትጨቀጭቀዋለህ? እየነዳ እኮ ነው! ልቡን ትበትነዋለህ!»

ልጁ ዝም አለ። ሹፌሩ ወሬውን ቀጠለ፤ ልቡ አልተበተነም።

ዝም ማለቱ እንኳ ደግ ነው። ከሹፌሩ ስልክ ላይ የድርሻውን የሚቆርስም አለ። «እግረ መንገድህን ለወንድሜ ደውልልኝ፣ መነኻሪያ ይጠብቀኝ» የሚል አለ፤ ቁጥሩንም እየጠራ ያስመታዋል፤ ሁለት ቁጥር ይሳሳታል፤ «አይ፣ ከስምንቱ በፊት ሦስት ነው» ይላል። ቤት ያለው ወገንም አያርፍም። ሹፌር ስልክ ካላነሳ ኮርቷል። ሁለት ጊዜ ተደውሎለት ካላነሳ ሰው ንቋል። ሦስተኛው ላይ ደዋዩ «ምን ሆኖ ይሆን?» ብሎ ይደነግጣል፤ ደህና መሆኑን ለማጣራትም አራተኛ ይደውላል። እናት፣ ሚስት፣ ዕቁብ ሰብሳቢ፣ ደላላ፣ ሁሉም «በሰላም ግባ» ለማለት ነው የሚደውለው፤ ሁሉም የሚደውለው ደግሞ ከመግባቱ በፊት ነው።

መነጋገሩ እንዲህ ከሆነ መጻፉን አስቡት። የአሜሪካው የቨርጂኒያ ቴክ ተመራማሪዎች በጭነት መኪኖች ውስጥ ካሜራ ገጥመው ሹፌሮችን ሲከታተሉ ቆዩና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ አደረጉ። እየነዳ መልእክት የሚጽፍ ሹፌር አደጋ ላይ ወይም ለጥቂት የተረፈ አደጋ ላይ የመድረስ ዕድሉ ከማይጽፈው 23 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከስድስት ሴኮንድ ውስጥ 4.6 ያህሉን ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚበር መኪና ይህ ከ100 ሜትር በላይ ነው። በገበያ ቀን በደምበጫ ወይም በጅጋ መሃል ያለ 100 ሜትር ደግሞ ባዶ አስፋልት አይደለም። ጤፍ የተጫኑ አህዮች አሉበት፤ ሁለት ጋሪ አለበት፤ በግ ገዝቶ በጉ እምቢ ያለው ሰውዬ መሃል መንገድ ላይ ቆሟል፤ ባጃጁ ያለ ፍሬቻ ይታጠፋል፤ የባጃጁ ልጅ ራሱ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ቆንጥጦ አንገቱ ጠሟል። ስልኩን እያየ የሚሻገር ተማሪም አይጠፋም። ሁለቱ ስልክ ላይ ሆነው ሲገናኙ ጥፋቱ የጋራ ነው፤ ስብራቱ ግን የእግረኛው ብቻ ነው።

ሠለጠንሁ የሚለው ሹፌር ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ «ይኸው፣ ሁለት እጄ መሪ ላይ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ እጁ እዚያው አለ፤ የሌለው ራሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስልክ የሚጠቀም ሹፌር ለአደጋ ያለው ተጋላጭነት አራት እጥፍ ያህል ነው ሲል፣ በማዳመጫ ማውራቱም በእጅ ይዞ ከማውራቱ እምብዛም እንደማይሻል አብሮ ይናገራል። ምክንያቱን ለማወቅ ገቢና መቀመጥ ይበቃል። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው የቱንም ያህል ወሬኛ ቢሆን ላም ስትሻገር ሲያይ ወሬውን ቆርጦ «ኧረ ላሟን!» ይላል። ደዋዩ ላሟን አያያትም። ሹፌሩ ፍሬን ላይ ቆሞ ሲያምጥ «እየሰማኸኝ ነው?» ይለዋል።

ይህን ነገር የዓባይ በረሃ ላይ ያየ ሰው ወሬ አያምረውም። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ አፈሩ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ራሱ እዚህም እዚያም ተጨማዶ ይጠብቃል። ተሳፋሪው ገና ከአፋፉ ጀምሮ ያማትባል። ሹፌሩም ያማትባል፤ ከዚያ ስልኩ መቆራረጥ ሲጀምር «ሃሎ! ሃሎ! ቆይ ኩርባዋን ልለፍና» እያለ ኔትወርክ ፍለጋ እጁን በመስኮት ያወጣል። ከፊት ደግሞ ቀይ ሽብር የሚባለው ሲኖትራክ እያቃሰተ ይወጣል። የሲኖው ሹፌርም ስልክ ላይ ነው። ማን ያውቃል፣ የሚያወሩት እርስ በርስ ሊሆን ይችላል።

አንድ ሹፌር በልጅነቱ ቅኔ ቤት እንደነበር ነግሮኛል። «እኛ የሰምና ወርቅ አገር ሰዎች ነን፤ ባንድ ጊዜ ሁለት ነገር መያዝ አያቅተንም» አለኝ፣ ስልኩን ባንድ እጁ እያሻሸ። ክርክሩ ደስ ይላል፤ ለዋሸራም ለዲማም ቅኔ ቤቶች ክብር ነው። ግን የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው የት ነው? ከጎጆው ወጥቶ፣ ከሰው ርቆ፣ ዛፍ ሥር ወይም ድንጋይ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነው። አንድ ጉባኤ ቃና፣ ባለ ሁለት ቤቷን አጭር ቅኔ፣ ለመቁጠር ያን ሁሉ ጸጥታ የሚፈልግ ጭንቅላት፣ አሥራ ምናምን ሰውና አንድ ዶሮ ጭኖ (ዶሮዋ ረዳቱ ሥር ናት) በሰዓት 80 ሲበር ስለ በሬ ሊደራደር ይችላል ማለት ሊቃውንቱን ማማት ነው።

ጉዳዩን አጥብቄ ሳስበው ጥፋቱ የበቅሎ ሳይሆን አይቀርም። አያቶቻችን ከማኅበር ሞቅ ብሏቸው ሲመለሱ በቅሎ ላይ ተኝተው ቤታቸው ይደርሱ ነበር። ልጓሙ ላላ፣ ጋቢው ዓይናቸው ላይ ወረደ፤ በቅሎዋ ግን ገደሉን ትሸሻለች፣ ወንዙን በመሻገሪያው ትሻገራለች፣ ደጃፍ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ለትውልድ ያወረሱን የመንጃ ትምህርት ይኸው ነው፤ የጫነን ነገር መንገዱን ያውቀዋል የሚል እምነት። ሚኒባሱ ግን ዓይን የለውም፤ ቢኖረውም ባለቤቱ ተለጣፊ ይለጥፍበት ነበር።

ሕግ አለ። የአገሪቱ የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ እየነዱ በእጅ ስልክ ይዞ ማውራትን ይከለክላል። ትራፊክ ፖሊሶችም አሉ፤ ከከተማ መውጫ ላይ በፀሐይና በዝናብ ይቆማሉ። ሹፌሮቹም ያከብሯቸዋል። ካከበሯቸው የተነሳ ከሩቅ ሲያዩአቸው ይደዋወላሉ፦ «ደምበጫ መውጫ ላይ ትራፊክ አለ፣ ስልክህን ደብቅ!» መልእክቱን የሰማው ሹፌር እንዳይቀጣ ስልኩን ከጭኑ ሥር ይወሽቃል፤ ከመወሸቁ በፊት ግን ከኋላው ለሚመጣው ጓደኛው ደውሎ ይነግራል። የወንበር ቀበቶውን ይጎትትና ሳይቆልፍ ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል። ሁሉም ነገር ሕጋዊ ይሆናል። ፖሊሱ ሰላምታ ይሰጣል፣ መንጃ ፈቃድ ያያል፣ ትርፍ ሰው ይቆጥራል፣ መልካም መንገድ ይላል። ከጭኑ ሥር ድምፅ ይመጣል፦ «ሃሎ? አለህ?»

መፍትሔውን ያገኙት አንዲት እናት ናቸው። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ከሹፌሩ ኋላ የተቀመጡ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄዱ እናት። ስልኩ ሲጮኽ ሹፌሩ ገና እጁን ሳይዘረጋ «ወዲህ በል ልጄ፣ እኔ አለሁልህ» አሉና ስልኩን ከማስቀመጫው ነቅለው ወሰዱት። ሹፌሩ ደንግጦ «እማማ፣ የሥራ ነው!» ቢል «እሱን ሥራ አንተ ያዝ፣ ይኸን ሥራ እኔ እይዘዋለሁ» ብለው አነሱት።

«ሃሎ። እሱ እየነዳ ነው። … እኔማ ተሳፋሪ ነኝ፤ ከፍዬ ነው የተሳፈርሁ። … ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። … ልጆችህ ደህና ናቸው? … ከብቱስ?»

ሰላምታው አንድም ሳይጎድል ተፈጸመ፤ መሪው ግን በሁለት እጅ ተይዞ ነበር። ከዚያ ጉዳዩ መጣ። ደዋዩ በርበሬ ነጋዴ ነው፤ ሹፌሩ ከቡሬ አሥር ጆንያ እንዲጭንለት ይፈልጋል፤ ዋጋውም ገና አልተቆረጠም። እናቲቱ «ቆይ» አሉና ወደፊት ጎንበስ ብለው «በስንት ትጭንለታለህ?» አሉት። ነገራቸው። «በዚህማ ምን ልትበላ ነው? ናፍጣው በዚህ ዋጋ!» ብለው ገሠጹትና ለነጋዴው ሌላ ዋጋ ጠሩ። ነጋዴው ጮኸ። እናቲቱ የበርበሬውን ጥራት ጠየቁ፣ ጆንያው ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ጠየቁ፣ አንድ ጊዜ «እንግዲያውስ ይቅር» ብለው ዘጉት፤ ነጋዴው መልሶ ደወለ። የኋላ ወንበር ዋጋ ያቀብላል፣ ረዳቱ ይስቃል፣ ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል በስፖኪዮው ሳይቀር ከኋላ የሚመጣውን እያየ ይነዳል። ጅጋን ሳናልፍ ዋጋው ተቆረጠ፤ ሹፌሩ ከጠራው የበለጠ ነው።

ፍኖተ ሰላም ገብተን እናቲቱ ሲወርዱ ረዳቱ «እማማ፣ ሒሳብ አልሰጡኝም» አላቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ ሹፌሩ በአገጫቸው ጠቆሙት።

«የድለላዬ ይቻቻል በለው።»