ሚስማሩን ሳይሆን ክፍተቱን እንየው

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ተራ ዕቃ በማግኔት ማንጠልጠል ቅርፃ ቅርፅ አይባልም፣ እጅ የቀረፀው ነገር የለም ይላል። እኔ በዚህ በፍጹም አልስማማም።

ግሪካዊው ቀራፂ ታኪስ እ.ኤ.አ. ከ1959 ገደማ ጀምሮ ሚስማርና ሌላ ቁርጥራጭ ብረት አስሮ ማግኔት ፊት አንሳፈፈ። ማግኔቱ ይስባል፣ ማሰሪያው ይይዛል። ብረቱ መሀል ላይ ይቀራል። ቤት ውስጥ በመርፌና በክር ሞክሩት። የክሩን አንድ ጫፍ ጠረጴዛ ላይ አጣብቁና መርፌዋን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ማግኔቱ አስጠጉ። ሳትነካው አየር ላይ ቀጥ ትላለች። እፍ ስትሏት ትንቀጠቀጥና ተመልሳ ቦታዋን ትይዛለች። በጫፏና በማግኔቱ መሀል ወረቀት ማሳለፍ ይቻላል። መጀመሪያ ሳየው ትንፋሼን ውጬ ቀረሁ። ለእኔ የተቀረፀው ያ ክፍተት ነው፤ ብረቱ ምስክር ነው።

ጀርመናዊው አርቲስት ሃንስ ሃከ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ስስ ሰማያዊ ጨርቅ ከቬንቲሌተር በላይ ዘርግቷል። ቬንቲሌተሩ ሲጠፋ ቅርፁም አብሮ ይጠፋል።

እንዲህ ያለ ሥራ ፎቶ ላይ ሞቶ ነው የሚታየው። ጸሐፊው በፎቶ ብቻ አይተውት ከሆነ፣ እባክዎ አንድ ቀን ቀርበው ይዩት፤ ጥቂት ደቂቃም ይቁሙ።