እርማት፦ «ጎርፍ ሴት ወንድ አይልም» ለሚለው
ወንድሜ፣ «ጎርፍ ሴት ወንድ አይልም፤ ሴቶችን ለብቻ ማነጋገር ምን ያደርጋል?» ብለሃል። ጎርፉስ አይመርጥም። ወሬው ግን ይመርጣል። እዚህ ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ማስጠንቀቂያ ለአባወራዎች በቅሬ (በእድር) ስብሰባ ብቻ ከተነገረ፣ ልጅ አዝላ ምጣድ ላይ ያለችው በምን ትስማ? በ1991 (እ.ኤ.አ.) በባንግላዴሽ አውሎ ነፋስ ወደ 140 ሺህ ሰው ሲያልቅ፣ የሴቶቹ ሞት ከወንዶቹ እጅግ ይበልጥ ነበር።

«ደካማ ስለሆኑ ነው» እንዳትለኝ ደግሞ! በ2007 (እ.ኤ.አ.) የወጣ 141 አገሮችን ያየ ጥናት፣ የሴቶች ኑሮና መብት በተሻለበት በአደጋ ጊዜ የሴቶችና የወንዶች ሞት ልዩነት እንደሚጠብ አሳይቷል።

መጠለያ ስታዘጋጁም ሴቶቹን ጠይቁ። የመጸዳጃው በር ከውስጥ ይቆለፋል? ማታ መብራት አለው? ሞዴስስ ታስቧል? የወንዶች ኮሚቴ ብርድ ልብስና ዱቄት ቆጥሮ ይበተናል።